የገለባ ጥጃ

ዮሐና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ነርሷ አብርሆት ኩባያውን ራስጌዋ አስቀምጣ፣ «እናት፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ተነሽና እለቢ» አለቻት።

«ምን ሊወጣኝ ነው ሲስተር? ደርቋል።»

«ካልታለበ ነው የሚደርቀው» አለች አብርሆት። ከትግራይ ተመድባ የመጣች፣ ድምጿ ቀስ ያለ ልጅ ናት። «ልጅሽ ዛሬ መጥባት አይችልም። ጉልበት ሲያወጣ ይችላል። ያን ቀን ጡትሽን ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ምን እንለዋለን?»

ዮሐና አንሶላውን ወደ ትከሻዋ ሳበች። አብርሆት ወደ ሌላዋ አልጋ አለፈች።

ዮሐና የእህቴ ልጅ ናት። ይሄ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ጊዜውን ሳይጨርስ መጣ። ከወዲያኛው ክፍል፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ገብቶለት የእናቱን ወተት በዚያ ይቀበላል። እስከ ትናንት ኩባያው ግማሽ ይሆን ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ታቹን ብቻ አረጠበው። ፊቷን ያዞረችው ከዚያ በኋላ ነው። አይተርፍም ብላለች በልቧ፤ ለማይተርፍ ልጅ ምን ብዬ እታለባለሁ ነው ነገሩ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት ነኝ፤ በሐኪም ነገር ላይ የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ግን በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትንም ገልብጬ ነበር የተረዳሁት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በክፍሉ ያሉት ሌሎቹ እናቶችም ጆሯቸውን ወደ እኛ ጣል አደረጉ።

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት። «ዙሪልኝ አላልኩሽም፤ ጆሮሽ ይበቃኛል።»

ያኔ ይህችን ከተማችንን፣ ጭሮን፣ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ ዛሬም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው። አባቴ ጀምበሩ ከመንዝ የመጣ የመንገድ ሥራ ሰው ነበር፤ ግሬደር ይነዳል። ወሩን አብዛኛውን በበደሳ መንገድ ላይ፣ ካምፕ ውስጥ ያድራል። ወደ ቤት ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነው። እናቴ ወሰንየለሽ እዚህ አገር የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። ዘመዶቿ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ናቸው።

ከግድግዳው ወዲያ የጫት ነጋዴው የበክሪ ቤት ነው። ግቢያችን አንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫቱ በሙዝ ቅጠል እየተጠቀለለ ለድሬዳዋ መኪና ሲሰናዳ፣ ግቢው ሁሉ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ሚስቱ ዙህራ ሳቂተኛ ሴት ናት። እናቱን አኮ ዑሙልኸይር እንላታለን፤ አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ለእኔም አያቴ ነበረች። የዙህራ ልጅ ቡርሃን ያኔ ገና ጡት የሚጠባ፣ አንገቱ የት እንደሆነ የማይታወቅ ወፍራም ሕፃን ነው። ሲርበው ጩኸቱ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር።

መጀመሪያ የላሟን ነገር ልንገርሽ፤ እሱን ካልሰማሽ ሌላው አይገባሽም።

በዚያው ዓመት ለዓረፋ እነበክሪ ወደ ገጠር፣ ወደ መሰላ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የአኮ ወንድም ጅብሪል እዚያ ከብት ነበረው። አንዷ ላም ጥጃዋ ሞቶባት ነበር። ያገራችን ላም እንደምታውቂው ጥጃ ካልጠባት ወተቷን አትለቅም። አባ ጅብሪል መጀመሪያ የሌላ ላም ጥጃ አምጥቶ አስጠጋባት። ጥጃው ትንሽ ጎተት ጎተት እንዳደረገ አንገቱን ይዞ አወጣውና ወደ ጥግ ሄደ። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ይዞ ተመለሰ፤ የማሽላ ገለባ ተሞልቶ የተሰፋ ነው። ዓይን የለው፣ ኮቴ የለው። ጀርባው ላይ ጨው ያለበት ውኃ አርከፈከፈበትና አፍንጫዋ ሥር አቆመው። ላሟ አሸተተችው። ላሰችው። እየላሰችው ወተቷ ወረደ።

«ሞቷል እኮ» አልኩ።

አባ ጅብሪል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ሽ፣ ያ ኢንተላ። እንዳትነግሪያት። ካወቀች ይደርቃል።»

አንቺ ልጅ ሲለኝ እየቀለደብኝ ነበር። እኔ ግን ቀልድ አልመሰለኝም። እዚያ እስከቆየን ድረስ በበረቱ አጠገብ ሳልፍ በእግሬ ጣት ነበር የምራመደው።

የእናቴ ምጥ የመጣው ሆዷ ገና በቀሚስ ሲሸፈን ነው። አባቴ ካምፕ ነበር። እኔን ወደ እነዙህራ ቤት አስገብተው በሩን ዘጉብኝ። በግድግዳው በኩል የአኮ ድምፅ ይመጣል፤ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ»። እናቴ ደግሞ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ለቅሶውን ጠበቅኩ። ቡርሃን የተወለደ ዕለት ሰምቼ ስለነበር ሕፃን እያለቀሰ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምንም አልተሰማም። እልል ያለም የለም።

ሲያስገቡኝ እናቴ አልጋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ፣ ከነጠላው ውስጥ፣ የጥጥ ጥቅልል አለ። ጥጡን አውቀዋለሁ፤ ለአባቴ ጋቢ ልትፈትለው የገዛችው ነው። ጥቅልሉ ከአንድ እስር ጫት አይበልጥም።

«እህትሽ ናት» አለችኝ እናቴ።

እጄን ስዘረጋ አኮ ከአየር ላይ ቀለበችው። «አትንኪያት። እጅሽ ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ይገድላታል።»

የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያት። በሩ ላይ ቆሞ ከአኮ ጋር ሲነጋገር እኔ ከጀርባው ነበርኩ። «መጥባት አትችልም፤ ጉልበት የላትም። ከእናቷ ደረት አትለይ። በጥጥ እየነከራችሁ ወተት አንጠባጥቡላት። ዋናው የእናቲቱ ወተት ነው፤ የሚጎትተው ካጣ ይደርቃል።»

ይደርቃል። ይህን ከመሰላ ነው የማውቀው።

ከሰዓት በኋላ ዙህራ ቡርሃንን አንጠልጥላ ገባች። ልጁ በርበሬ መስሎ ይጮኻል።

«ይራበው ብዬ ነው ያቆየሁት» አለች። «ጠዋት አላጠባሁትም። አሁን እንደ ሌባ ነው የሚጎትትልሽ።»

«ያንቺስ ጡት፣ ዙህራ?» አለች እናቴ።

«የኔ ምን ይሆናል? ትንሽ ይወጠርና ይተወኛል።»

ቡርሃንን በቀኝ በኩል አስጠጉት። ጩኸቱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። አኮ ይህን ጊዜ ወደ በሩ ሄዳ በክሪን ጠራችው። በክሪ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ከውጭ ቆመ።

«ስማ» አለችው። «ነገ አልሰማሁም እንዳትል። ይህ ልጅ ከወሰንየለሽ ጡት ጠብቷል። ደጋግሞ ከጠገበ ልጇ ነው። ለነዚህ ሁለት ሴት ልጆች ወንድማቸው ነው፤ መጋባት የለም። ለልጅ ልጅም ይነገር።»

«እሺ፣ አዮ» አለ በክሪ። እናቱን እንደዚያ ነው የሚጠራት። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማሚቴ፣ ባል አመለጠሽ» አለኝ።

«እኔ እሱን አላገባም። ያስታውካል።»

ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ጥቅልሉን ከፍ ዝቅ አደረገው። ጥቅልሉ ግን ድምፅ የለውም። ቡርሃን ሲጨርስ አኮ ከነጠላው ሥር ፊንጃል አወጣች፤ እዚህ አገር ሲኒውን ፊንጃል ነው የምንለው። ውስጡ ነጭ ነገር አለ። ጥጥ ነከረችበትና ጥቅልሉ ላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ጠብ ጠብ አደረገችው።

ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ ልበል።

መጀመሪያ የሌላ ጥጃ አመጡ። አስጎተቱ። ቀጥሎ የተሞላውን ነገር አስጠጉላትና አርከፈከፉበት። አኮ ደግሞ የአባ ጅብሪል እህት ናት፤ ብልሃቱ የቤታቸው ነው። እህቴ አላለቀሰችም፤ አትጠባም፤ አትነካም። ሞታለች። ይህ ጥጥ ነው። እናቴን እያታለሏት ነው፤ እሷም አላወቀችም። «ሁለት ሴት ልጆች» ያለችው አኮ እናቴ እንድትሰማ ነው።

ካወቀች ይደርቃል። እንዲያ ከሆነ ከእኔ አፍ አትሰማም።

ዛሬ ልጆች አጥብቼ ያሳደግሁ ሴት ነኝና ከነጠላው ሥር የነበረውን አውቀዋለሁ። አንዱ ጡት ሲጠባ ሌላው ሳይነኩት ይፈስሳል። ቡርሃን በቀኝ ሲጎትት ለእህቴ የሚሆነው በግራ በኩል ፊንጃሉ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። እኔ ያየሁት ቀኙን ብቻ ነው። አንድ ቀን ዙህራ ልጇን ሰጥታ ስትወጣ ተከትያት፣ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። ለሞተችው እህቴ የምታለቅስ መስሎኝ ትከሻዋን ዳበስኩላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። «ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር» አለች። «ልጄ እዚያ ሲጠባ በግድግዳው ይሰማኛል። የኔም ይፈስሳል፤ ቀሚሴን ያርሰዋል። ደግሞ እኔን ቢረሳኝስ እያልኩ እፈራ ነበር።» ይህን ለእናቴ አንድም ቀን አልነገረቻትም።

እኔ በበኩሌ ጠባቂ ሆንኩ። ጠዋት ስነሳ ጮክ ብዬ፣ «ሕፃኗ ደህና አደረች?» እላለሁ፤ እናቴ እንድታምን። እናቴ ደስ ይላታል፤ «ደህና አደረች፣ የኔ እመቤት» ትለኛለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄጄ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ለእህቴ ያለቀስኩላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አራስ ጥየቃ የሚመጡትን ሴቶች በሩ ላይ እቀበላቸዋለሁ። አንዷ፣ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ሚስት፣ ገንፎ ይዛ መጥታ ጥቅልሉን በሩቅ አየችና ለጓደኛዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ምኗ ይተርፋል ብለሽ ነው» አለቻት።

«እዚህ አይወራም» አልኳት።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ትሰማለች። ውጪ አውሩት።»

ሴትየዋ ስድ አደግ ናት ብላ ለእናቴ ከሰሰችኝ። እናቴ አልተቆጣችኝም። አኮ ግን ያን ቀን ከገንፎው ለእኔ ብዙውን ቆረሰችልኝ።

አባቴ መልእክት ደርሶት ከካምፕ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ጥቅልሉን ቁልቁል ሲያይ ቆየ፤ እጁ ግሬደር የሚይዝ ትልቅ እጅ ነው፤ ሊያሳርፈው ቦታ አጣ። ተነሥቶ ወጣ። ስከተለው ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ቆሞ በእጅጌው ዓይኑን ሲጠርግ አገኘሁት። እሱም አውቋል አልኩ። ሱሪውን ያዝኩት።

«አባዬ፣ እንዳትነግራት።»

ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አልነግራትም» አለኝ።

«ማልልኝ።»

«ማርያምን አልነግራትም።»

እሱ የማለልኝ ማልቀሱን ላይነግራት ነበር። ሁለታችንም ቃላችንን ጠበቅን።

ከዚያ ቡርሃንን ጉንፋን ያዘው። አፍንጫው ተደፍኖ፣ ጡት ሲሰጡት ትንፋሽ ያጥረውና እየጮኸ ይተወዋል። አኮም፣ «ጉንፋን የያዘው ልጅ እዚያ ጥጥ አጠገብ አይደርስም» ብላ ከለከለች። እናቴ በእጇ ማለብ ጀመረች። ፊንጃሉ መጀመሪያ ግማሽ ሆነ። በማግስቱ ከዚያ አነሰ። አኮ ሁልበት አፈላችላት፤ አብሽ ነው፣ እነሱ ሁልበት ይሉታል። ዙህራ ጨርቅ እያሞቀች ጀርባዋን አሸችላት።

«እስኪሻለው የኔን እናንጠባጥብላት» አለች ዙህራ።

«እስከ መቼ?» አለች እናቴ። «ያ ልጅሽ ብቻውን የሁለት ሰው ድርሻ ይጠባል። የኔ ከሄደ ልጄ መጥባት ስትችል ምን ትጠባለች?»

ዙህራ ክርክሩን ትታ የራሷን ፊንጃል ውስጥ አልባ ሰጠች። በእነዚያ ቀናት እህቴን ያቆያት የዙህራ ወተት ነው። የእናቴ ግን መቀነሱን አላቆመም። አንድ ቀን ፊንጃሉን ዘንበል አድርጋ ስታየው፣ ከታች የተሣለችው ቀይ አበባ ደርቃ ትታያለች።

እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ ሳይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። እናቴ አውቃለች።

ማን ነገራት? አባቴ ምሏል። ሴቶቹን በር ላይ መልሻለሁ። ምናልባት ጓሮ ሳለቅስ ሰምታኝ ይሆን? 

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዙህራና አኮ ቡርሃንን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ግቢው ጭር አለ። የጫቱ ቅጠል ትርፍራፊ ፀሐይ ላይ ተበትኖ ይጠወልጋል። እናቴ ትራስ ተደግፋ ጣራውን ታያለች። ፊንጃሉ በአፉ ተደፍቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ልክ እንደ አንቺ ነበረች፣ ዮሐና። ፊቷን ወደ ግድግዳ አለማዞሯ ብቻ ነው።

ላሟ ልብ ስትል አባ ጅብሪል ምን ያደርግ ነበር? ቆዳውን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋዋል፤ ጨው ይጨምርበታል። እኔ ጨው የለኝም። መንካትም ተከልክያለሁ። ያለኝ አፌ ነው።

«እማዬ» አልኩ። «አለቀሰች።»

«ማን?»

«ሕፃኗ። አሁን። ሰማኋት።»

እናቴ አየችኝ። ያን አስተያየቷን ዛሬም አልረሳውም፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ዓይኔን እንዳልሰብር ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ቁልቁል ወደ ጥጡ አየች። ቀስ እያለ ነጠላዋ ላይ በሁለቱም በኩል እርጥብ ክብ ወጣ። ክቡ ሰፋ። እናቴም አየችው። እጇን ጫነችበት፤ ከጣቶቿ መሐል ወረደ።

ጥጡን መፍታት ጀመረች። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ገለባ ነበር የጠበቅሁት። ከውስጥ የወጣው ቀይ ፊት ነው፤ እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ፣ ከእኔ መዳፍ ያነሰ። አፉ ተከፈተ፤ ወፍ ጫጩት እንደሚከፍተው። እናቴ ጡቷን አስጠጋችለት። አፉ ፈለገ፤ አጣው፤ እንደገና ፈለገ። ያዘ። ጉንጩ አንድ ጊዜ ገባ ብሎ ወጣ። አረፈ። ሌላ ጊዜ ገባ። ከዚያ ጉሮሮው ውስጥ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ የመዋጥ ድምፅ ሰማሁ።

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ከንፈሯን ብዙም ሳትገልጥ፣ በቀስታ፣ «ማሚቴ፣ እጅሽን አሙቂና ነይ» አለችኝ።

መዳፌን ብብቴ ሥር አድርጌ እስኪያቃጥለኝ አሸሁት። ጣቴን ወስዳ የሕፃኗ እግር ላይ አደረገችው። እግሯ የባቄላ እሸት ያህል ነው። በእሱ ገፋችኝ።

«በሕይወት አለች» አልኩ።

«ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

  እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ሌላ ነው። ዋሽቼ አስነሣኋት አልኩ በልቤ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አምኜ ኖሬያለሁ። እውነቱን የተናገርኩ ቀን ተመልሳ ጥጥ የምትሆን ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ጭጭ አልኩ።

እነዙህራ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ እናቴ በዓይኗ ብቻ ጠራቻቸው። ዙህራ አይታ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አኮ ጠጋ ብላ የሕፃኗ ጉንጭ ሲገባና ሲወጣ እያየች ቆየች። «ሥራ ጀመርሽ እንጂ ገና ነሽ፤ ቶሎ ነው የምትደክሚው» አለቻት ሕፃኗን። እውነቷን ነበር። እህቴ ትንሽ ጠብታ ትደክማለች፤ ሌላው ከፊንጃሉ ነው። ቡርሃን አፍንጫው እንደተከፈተ ወደ ቀኙ ተመለሰ፤ እህቴ ግራውን ለብቻዋ እስክትችል ድረስ ሲጎትትላት ከረመ። ዛሬ ባጃጆች አሉት፣ ጺሙ ሸብቷል፤ ይህ ወሬ ሲነሣ፣ «ጥርስ ሳላወጣ ሥራ የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታዬን ግን የሰጠኝ የለም» ይላል።

ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ወስደን አስጠመቅናት። እነዙህራ እስከ ቅጥሩ በር ሸኙን፤ አኮ እዚያው ከጥላው ሥር ተቀምጣ ጠበቀችን። አባቴ ከካምፕ ፈቃድ አግኝቶ መጥቶ ነበር። ስሟን ያወጣው እሱ ነው። ሳትሞላ የመጣች ናትና ሞልታ ትኑር ብሎ፣ ፍፁም አላት።

ዮሐና ዞረች።

«ፍፁም?» አለች። «እማዬ?»

«እናትሽ።»

«እማዬ እንደዚህ ነበረች?»

«ከልጅሽ ታንስ ነበር።»

«አንድም ቀን አልነገረችኝም።»

«የሰባት ወር ልጅ እያሉ እንዳያበሽቋት ደብቀን አሳደግናት። ችኮላዋን ግን መደበቅ አልቻልንም።»

ከጥጉ አልጋ አንዲት ልጅ ሳቀች። ዮሐናም ከንፈሯ ሊከፈት ብሎ ተመለሰ። ፍፁም በዚያ ሰዓት ከበደሳ እየመጣች መንገድ ላይ ነበረች፤ ቡርሃን ሊቀበላት መናኸሪያ ቆሟል።

«ያሰብሽውን ነገር ለአያቴ ነገርሻት?» አለችኝ ዮሐና። «የገለባውን?»

ነገርኳት። አርጅታ፣ እኔ ቤት ተኝታ ሳስታምማት ነው የነገርኳት፤ ፀጉሯን እየቀባኋት። ሳልደብቅ ሁሉንም አልኳት። ላሟን፣ ጥጡን፣ አባቴን ማስማሌን፣ ውሸቴን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ቀድሞ ያየችኝን አስተያየት እንደገና አየችኝ፤ አሁን አወቅኩት።

«ደረቴ ላይ ነበረች እኮ» አለችኝ። «ብታለቅስ ከአንቺ በፊት የምሰማው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ውሸቴን አውቀሻል?»

«አውቄያለሁ። ጡቴ ግን አመነሽ።»

 አብርሆት መድኃኒት እያደረሰች ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላየኋትም።  የልጆቹ ክፍል ከኮሪደሩ ማዶ ነው፤ ሁለት በር አለው፤ ልጁም መስታወት ውስጥ ነው።

«ዮሐና» አልኳት። «አለቀሰ መሰለኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንደ እናቴ ነው ያየችኝ። አብርሆት አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው።

ዮሐና በክንዷ ተደግፋ ተነሣች። ቁልፏን ፈታች።

«ኩባያውን አቀብዪኝ፣ እቴቴ።»

አቀበልኳት። ብዙ ጊዜ ምንም አልመጣም። ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን እንዳሳዩዋት እያደረገች ቆየች። ሌሎቹ እናቶች ወደዚያ ወደዚህ ማየት ጀመሩ፤ እንዳያሳፍሯት። ከዚያ ኩባያው ውስጥ፣ ታቹ ላይ፣ ጠብ ሲል ሰማን።